ደለሉና ነጩ ድንጋይ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የመንገድ ዳር ቡና ቤቱ ባለቤት ጋሽ ወንድይፍራው። የጭነት መኪና ሾፌሩ ዘርይሁን አራተኛ ስኒ ቡናውን ጨልጦ፣ «ቡናው እንቅልፌን ካጠፋልኝ፣ ሳልተኛ መንገዴን ብቀጥል ምን አለበት?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ሰውየው ሽንኩርት ተካይ ነው። ውሃ የሚያገኘው መንደሩ በጋራ ከቆፈረው ቦይ ነው። ውሃ ሲፈስ ደለል ያመጣል። ስለዚህ የጥንት ሰዎች በቦዩ ውስጥ አንድ ነጭ ድንጋይ ተክለዋል። ውሃውን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ማለዳ ማለዳ ውሃውን ቀነስ አድርጎ ድንጋዩን ያያል። ደለሉ ድንጋዩን የሸፈነው ዕለት ውሃውን ከወንዙ ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል።

ያን ሰሞን የሰውየው ሽንኩርት ራስ መያዝ ጀምሯል። የዓመት ቀለቡ እሱ ብቻ ነው። ቦዩን ቢያይ ደለሉ ድንጋዩን ሊውጠው አንድ ጣት ቀርቶታል። ውሃው ከተዘጋ ሽንኩርቴ ይደርቃል ብሎ ከወንዝ ዳር ቁርጥ ያንኑ የሚመስል ድንጋይ አመጣና ከደለሉ በላይ አስቀመጠው።

«አንተ ሰው፣ ድንጋዩ ስላደገ ደለሉ ይቀንሳል?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በይ። የውሃ አባት የሚጠይቀው ዐይኑን ነው፣ አንቺን አይደለም።»

የውሃ አባት መጣ፣ ነጩን አየ፣ ሄደ። ሰውየው ሦስት ቀን ደስ ብሎት አጠጣ። ደለሉ ግን ድንጋይ አይቶ አይቆምም፤ ይከመራል። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ውሃው መሄጃ ቢያጣ የቦዩን ዳር ጥሶ ሽንኩርቱን ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው።

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ዘርይሁን ዞሩ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም ልጄ፤ እንዳላሳስትህም እፈራለሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ እንዳስረዳችኝ ግን፣ ነቅተን በቆየን ቁጥር ጭንቅላታችን ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። ‹በቃህ፣ ተኛ› የሚለን እሱ ነው። የሚጠረገውም ስንተኛ ነው። ቡናው አይጠርገውም፤ እሱን መስሎ ቦታው ላይ ይቀመጥና መልእክቱ እንዳይደርስህ ያደርጋል እንጂ። ከወንዝ ዳር የመጣው ድንጋይ ያ የያዝከው ስኒ ነው። ያ ሰው ቦዩ ሲፈርስ ቤቱ ነበር፤ የጠፋበትም ሽንኩርት ነው። አንተን ግን የተጠራቀመው እንቅልፍ ጥሶ ሲመጣ መሪ ላይ ነው የሚያገኝህ። በል፣ ቁልፉን ወዲህ አምጣና ጋደም በል።»