የሆሣዕናዋ አህያ ዘሮች

ተረት ይዣለሁ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ወንዝ ዳር ለብቻቸው የሚኖሩ ጥቂት አህዮች ነበሩ። «እኛ ጌታ ኢየሩሳሌም ሲገባ የተቀመጠባት የዚያች አህያ ዘሮች ነን» ይላሉ። ተመልሶ ሲመጣ ንጹሕ ጀርባ እንዲያገኝ ብለው እንኳን ጭነት ዝንብም አያስቀምጡም። ጀርባቸው ላይ መስቀል የመሰለ ጥቁር መስመር አለ፤ ምስክራቸው እሱ ነው። አህያ ሁሉ እኮ አለው ሲባሉ «የሌሎቹ እንዲያው የወጣ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ቀን፣ የሚጠቡ ልጆቿን ማዶ ትታ ምግብ ፍለጋ የወጣች ጃርት ወንዙ ሞልቶ መመለሻ አጣች። ወደ ሽማግሌው አህያ ቀርባ «አባቴ፣ ያሻግሩኝ» አለችው።

«ይህ ጀርባ የጌታ ነው፣ ልጄ» አላት።

ጃርት ደግሞ ያልገባትን ሳትጠይቅ አታልፍም። «እሺ፤ ግን አያትዎ ያን ቀን የተቀመጠባቸው ጌታ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

ሽማግሌው ይህን ታሪክ ዕድሜ ልኩን ሲያወራ ኖሯል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። ወደ ውሃው ጠጋ አለ። ከዚያ ጉልበቱን አጠፈ፤ ጃርቷም እሾኋን እንደምንም አስተኝታ ጀርባው ላይ ወጣች።

«አባታችን፣ ምን ነካዎት?» አሉ ሌሎቹ ከኋላ። «ማን እንደሆነች እንኳ አናውቅም።»

ውሃው ሆዱ ድረስ ደርሶ ነበር። ዞር ሳይል መለሰላቸው፤

«እሳቸውም አያውቁም ነበር።»

ተረቴም አብሯቸው ተሻገረ።