የወፍጮ ቤቱ ጓጉንቸርና ሚጢጢ

ተረቴ መጣች! «ትግባ፣ ቤቷ ነው!» በሉኛ። ምነው፣ አፋችሁ ተቆለፈ እንዴ? ደግ፤ የምነግራችሁም ስለ ቁልፍ ነው።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እማማ ይርገዱ የሚባሉ ባለወፍጮ ነበሩ። («ያኔ አውሮፕላን ነበረ ወይ?» የሚለኝ ካለ ከወዲሁ ይውጣልኝ!) ልጃቸው ሰናይት ባሕር ማዶ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው እማማ እዚያ በሚደርሱበት ቀን ማግስት ነው። ጥጡን በገዛ እጃቸው ፈትለው የክርስትና ቀሚስ አሠሩለት።

«የልጅ ልጄ የሱቅ ልብስ ለብሶ አይጠመቅም፤ የአያቱን እጅ ለብሶ ነው!» አሉ። ቀሚሱን ሻንጣ ውስጥ ከተቱና ከጎኑ አንድ ከረጢት በሶ ጨመሩ።

ታዲያ ሻንጣውን ማን ይዝጋው?

«እኔ ነኛ!» አለ አያ ጓጉንቸር። ሃያ ዓመት የወፍጮ ቤቱን በር ቆልፎ የጠበቀ፣ ጡጫ የሚያህል ብረት ነው። «ሌባ ሞክሮኛል፣ መዶሻ ሞክሮኛል፣ ዝናብ ሞክሮኛል። ለማንም አልከፈትኩም!»

«እኔ ደግሞ ወገቡን ልያዘው» አለ ገመድ።

«እኔስ?» አለች ሚጢጢ። የእማማ የእህት ልጅ ማስተዋል የገዛቻት ባለቁጥር ጓጉንቸር ናት። አውራ ጣት ታክላለች፤ ሆዷ ላይ ቀይ ምልክት አለ። «ይህን ምልክት ያየ የአውሮፕላን ጣቢያ ፈታሽ በራሱ ቁልፍ ይከፍተኛል፤ አይቶ ሲጨርስ መልሶ ይዘጋኛል።»

አያ ጓጉንቸር ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ጉድ! ቁልፍሽን ለስንቱ አደልሽው? የኔ ቁልፍ አንድ ነው፤ እሱም እማማ ማተብ ላይ!»

እውነቱን ነው። እማማ ቁልፉን ከመስቀላቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ሚጢጢን አዩና «ይቺማ የጆሮ ጌጥ ናት» አሉ። ማስተዋል ግን አልተወቻቸውም፤ የሚጢጢን ቁጥር ካላስጠናሁ ብላ ያዘቻቸው።

«እኔ ቁጥር አይያዝልኝም፣ ልጄ።»

«ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ ይበሉ፣ አክስቴ።»

«እሱማ! ልደታ በአንድ፣ አቦ በአምስት፣ ሥላሴ በሰባት። አንድ፣ አምስት፣ ሰባት!»

ልጅቱን ላለማስቀየም ሚጢጢን እጀታው ላይ ቆልፈው አንጠለጠሏት። ዚፑን ለአያ ጓጉንቸር፣ ወገቡን ለገመድ ሰጡና ተሳፈሩ።

አውሮፕላን በሚቀየርበት አገር ሻንጣው በራጅ ማሽን ሲያልፍ ማሽኑ ጮኸ። «አንድ ከረጢት ዱቄት አለ! አንድ ከረጢት ዱቄት!» ፈታሹ ከአነፍናፊ ውሻው ጋር መጣ።

«ክፈት» አለ ውሻው። «ላሽትትና ልሂድ።»

«አልከፍትም!»

«ተው ክፈት፣ ወንድሜ። ሰውየው መቁረጫ ይዟል።»

«አልከፍትም! ሃያ ዓመት አልከፈትኩም!»

«ቁልፍህ የታለ?»

«እማማ ማተብ ላይ!»

«እማማስ የታሉ?»

እማማ እላይ፣ መንገደኛ የሚጠብቅበት አዳራሽ ተቀምጠዋል። ቁልፉን እየዳበሱ «ጀግናዬ ይጠብቅልኛል» ይላሉ። የጠራቸው ሰው የለም።

ገመድ በቢላ፣ ቀጭ! አያ ጓጉንቸር በብረት መቁረጫ፣ ቀጭ! ዚፑ ተከፈተ። ውሻው በሶውን አሸተተና አስነጠሰው። «የተቆላ ገብስ ነው እኮ! ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ?» አለ።

ፈታሹ የተቆረጠውን ጓጉንቸር ሻንጣው ውስጥ ጣለና ዚፑን ሳበ። ዚፑ ግን የሚይዘው የለም፤ ሻንጣው ሲነሳ ተንሸራተተ። የቀሚሱ ጫፍ ብቅ አለ።

«ወይኔ ጉዴ! ወደቅኩ!» አለ ቀሚሱ። «ልጁ ምን ለብሶ ሊጠመቅ ነው?»

«አያ ውሻ!» ጮኸች ሚጢጢ። «እጀታው ላይ ነኝ! አሳየኝ!»

ውሻው በአፍንጫው ገፋ አደረጋት። ፈታሹ ቀዩን ምልክት አየ። ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ከእጀታው ፈታትና ዚፑ ላይ ቆለፋት።

«አደራ፣ ያዢው!» አለ ውሻው።

«ይዣለሁ!» ሲወረውሩት ያዘች። አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ያዘች። ሻንጣ መረከቢያው ላይ ሲዞርም ያዘች።

እማማ ሻንጣቸውን ሲያዩ ጀግናቸው የለም። ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ፤ የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋ። ዚፑን ይዛ የተንጠለጠለችው ሚጢጢ ናት።

«እማዬ፣ ቀሚሱስ?» አለች ልትቀበላቸው የመጣችው ሰናይት።

«ቆይ እስቲ... ልደታ... አቦ... ሥላሴ!»

ጠቅ! ቀሚሱ እንደተጣጠፈ ቁጭ ብሏል። እማማ እልል አሉ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

አያ ጓጉንቸር ከበሶው ሥር አጉረመረመ። «እኔ እንደሆነ ለማንም አልከፈትኩም።»

«እኔም ለማንም አልከፈትኩም፣ አያ» አለች ሚጢጢ ደረቷን ነፍታ። «ለሚመለከተው ከፈትኩ፣ ከዚያ ዘጋሁ።»

በማግስቱ ሕፃኑ የአያቱን እጅ ለብሶ ተጠመቀ። እማማም የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ከማተባቸው ፈትተው በምትኩ ሚጢጢን አሰሩ። ቀሚሱን ላደነቀ ሁሉ «የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ ያደረሰችው ግን ይቺ ናት!» እያሉ አሳዩ።

እናንተም ወፍጮ ቤታችሁን በአያ ጓጉንቸር ዝጉ። ባሕር የሚሻገረውን ሻንጣ ግን ፈታሽ ከፍቶ መልሶ ለሚዘጋት ስጡ። እኔም አፌን ቆለፍኩ፤ ቁጥሩን የያዘ ይክፈተኝ።