የጋዋኑ መርፌ ቁልፍ

ይህን ነገር የውብዳር እስከዚያች እሑድ ድረስ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእናቷ አልነገረችም። ለንስሐ አባቷም አልነገረችም፤ ኃጢአት ይሁን አይሁን አልለየላትምና። ተረት ተረት ብዬ የላም በረት የሚለኝ እስካገኝ አልጠብቅም፣ እኔ ልንገራችሁ። ስትሰሙ አትሳቁባት። ብትስቁም ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ዓይን አፋር ናት።

የውብዳር ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ኮረንቲ አስተምራለች። ባትሪውን በሁለት ሰረዝ፣ አምፖሉን በክብ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ገርበብ ያለች በር አስመስላ ሰሌዳ ላይ ስትስለው ከኋላ ወንበር ያለው ተማሪ እንኳ ይገባዋል። ምስጢሯ ታዲያ ይህ ነው፦ በሕይወቷ አንድ ቀን የወደቀ ብሬከር በእጇ አንስታ አታውቅም።

ጓዳዋ ግድግዳ ላይ ያለው ብሬከር ወድቆ ኮረንቲው በተቋረጠ ቁጥር "መብራት ሄዷል" ትላለች። በእኛ አገር መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፤ መንገድ የሄደ ዘመድ እንደሚጠበቅ ይጠበቃል እንጂ ለምን ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷም ሻማዋን ለኩሳ፣ ጓደኛዋ ስንዱ እስክትመጣ ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ትጠብቃለች። ስንዱ የዚያው ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከመስታወት ይልቅ ካቻቢቴ የምትይዝ ሴት። ስትመጣ "ውኃ ልጠጣ" ብላ ጓዳ ትገባለች፣ ወዲያው መብራት ይመጣል።

"መጣ እኮ" ትላለች ስንዱ ከጓዳ ስትወጣ።

"መጣ? እግርሽ እርጥብ ነው" ትላለች የውብዳር።

እንዲህ ሆነው ኖሩ።

ወደ እሑዷ ልመልሳችሁ። በማግስቱ ሰኞ ሱፐርቫይዘር ክፍሏ ገብቶ ስታስተምር ሊያይ ነው። እሷም በተማሪዎቹ ፊት ሽቦ ገጥማ፣ አምፖል አብርታ ልታሳይ ነው። ይህን ስታስብ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፤ አሥራ አንድ ዓመት የተደበቀ እጅ በስልሳ ተማሪ ፊት ሊገለጥ ነው። ስለዚህ ትልቁን ፍርሃት ትታ ትንሿን ነገር ያዘች። ነጩን ጋዋኗን ልተኩስ አለች። ጋዋኑ ከሳጥን ሲወጣ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማዷል። ካውያዋን ሰካች፣ ጠበቀች፣ ጣቷን በምራቅ አርሳ ነካችው። ቀዝቃዛ ነው።

ስንዱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች።

"ስንድዬ፣ መብራት ሄዷል።"

"የጋሽ ደምሰው ቴሌቪዥን ቅዳሴ እያሰማ ነው እኮ።" ጋሽ ደምሰው አከራይዋ ናቸው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ይዋሰናሉ።

"እንግዲያው የእኔ ብቻ ሄዶ ይሆናል።"

"ብቻውን የት ይሄዳል" አለችና ስንዱ ውኃ ልትጠጣ ጓዳ ገባች። ብሬከሩ ሲነሳ ቀጭ አለ፣ ወዲያው ጧ ብሎ መልሶ ወደቀ። እንደገና ቀጭ፣ እንደገና ጧ። ስንዱ አፏን በመዳፏ እየጠረገች ወጣች። "ዛሬስ እንጃ። እግሬ ደርቋል መሰለኝ።"

ከዚያ ካቻቢቴዋን አወጣችና የግድግዳውን ሶኬት ፈታች። ከውስጡ ውኃ ጠብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋዋኑ ካውያውን "ተኩሰኝ" አለው። ካውያው "ሶኬቱ ካልሰጠኝ አልግልም" አለ። ሶኬቱ "ብሬከሩ ካልቆመ የምሰጠው የለኝም" አለ። ብሬከሩ "ግድግዳው ካልደረቀ አልቆምም" አለ።

"ግድግዳውን ምን ነካው?" አለች ስንዱ። ወጥተው ከቤቱ ጀርባ ዞሩ። የጋሽ ደምሰው የውኃ ማጠራቀሚያ ሮቶ በብረት ቆጥ ላይ ተቀምጦ ይፈሳል። ሌሊት ውኃ መጥቶ ሞልቶታል፣ ሞልቶም አላቆመም፤ ከአፉ እየተርከፈከፈ በግድግዳው ላይ ይወርዳል።

ግድግዳው "ሮቶው ካላቆመ አልደርቅም" አለ። ሮቶው ደግሞ "ሲሞላ ውኃዬን የሚዘጋው ኳስ ወድቋል፤ ኳሱ ካልተነሳ አላቆምም" አለ። ኳሱ "ከታች ሆናችሁ ብታዩኝ ምን ይረባኛል? መሰላል ካልመጣ አልነሳም" አለ። እንግዲህ ቁጠሩ፦ መሰላል ካልመጣ ኳሱ አይነሳም፣ ኳሱ ካልተነሳ ሮቶው አያቆምም፣ ሮቶው ካላቆመ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ብሬከሩ አይቆምም፣ ብሬከሩ ካልቆመ ሶኬቱ አይሰጥም፣ ሶኬቱ ካልሰጠ ካውያው አይግልም፣ ካውያው ካልጋለ ጋዋኑ አይተኮስም።

መሰላሉ የጋሽ ደምሰው ነው። ጋሽ ደምሰው በረንዳቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል።

"እንዴት አደሩ ጋሼ? መሰላሉን ቢያውሱን" አለች የውብዳር፤ ድምፅዋ ለራሷም በደንብ አልተሰማትም።

"መሰላሉ ጎተራ ውስጥ ነው። ጎተራው ተቆልፏል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ኪሴ እላዬ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ አልነሳም።"

"ምነው፣ አመመዎት?" አለች ስንዱ።

"ልጄ ሦስት ቀን አልደወለችልኝም። ከዚህ ተነስቼ ስትደውል ባልሰማስ? ይህ ስልክ ሳይጮህ እኔ ንቅንቅ አልልም።"

ይኸውላችሁ። ስልኩ ካልጮኸ ጋሽ ደምሰው አይነሱም፣ ጋሽ ደምሰው ካልተነሱ መሰላሉ አይመጣም፣ መሰላሉ ካልመጣ ኳሱ አይነሳም፣ ኳሱ ካልተነሳ ሮቶው አያቆምም፣ ሮቶው ካላቆመ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ብሬከሩ አይቆምም፣ ብሬከሩ ካልቆመ ሶኬቱ አይሰጥም፣ ሶኬቱ ካልሰጠ ካውያው አይግልም፣ ሳጥኑ ላይ የተዘረጋው ጋዋንም እንደ ጎመን ቅጠል ሆኖ ይቀራል።

ስንዱ ስልኩን ተቀብላ አገላበጠችው። "ጋሼ፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ተደውሎልዎታል።"

"ማነው የደወለው?"

"ልጅዎ ናታ።"

"ታዲያ ለምን ዝም ይላል?"

"ዝም በል ብለውት ነዋ። ድምፁ ተዘግቷል።"

ጋሽ ደምሰው ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉ። "ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነክቼው ነበር። ስወጣ ረሳሁት።"

"ሲያዙት የሚሰማ ዕቃ ነው፤ ተናገር ሳይሉት ምን ያድርግ?" አለችና በጎኑ በኩል አንዴ ተጫነችው። ስልኩ ሃያ አራተኛውን ለመጮህ ብዙም አልቆየም። ጋሽ ደምሰው በአንድ እጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በሌላው ቁልፉን ወደ የውብዳር ዘረጉ። "አንቺ ደግሞ ስልክ እምቢ ካለ ለጎረቤት አይደወልም?" ይላሉ፤ ቁጣው ለልጃቸው ነው፣ ዓይናቸው ግን ይስቃል።

ስልኩ ጮኸ፣ ጋሽ ደምሰው ተነሱ፣ መሰላሉ መጣ። ስንዱ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች፣ እጇን እስከ ክንዷ ውኃው ውስጥ ከተተች፣ ከመዝጊያው ብረት ሥር የተቀረቀረውን ቢጫ ኳስ ጎትታ አወጣች። የውብዳር መሰላሉን ይዛ ከታች ቆማለች።

"ደኅና ነው" አለች ስንዱ። "ከብረቱ ጋር ያያያዘችው ሚጢጢ ሽቦ ዝጋ አልቃ ነው። ቀጭን ነገር ስጪኝ። መርፌ ቁልፍ የለሽም?"

የውብዳር ቤት ውስጥ ያለው መርፌ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። እሱም ጋዋኑ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ በታኅሣሥ ከተበጠሰ ወዲህ ደረቱን የያዘው እሱ ነው። ልታመጣ ገባች። ጋዋኑ "ሳልተኮስ ምንም አልሰጥም" አለ።

እሷም በሩ ላይ ቆም አለች። ጋዋኑ ካልሰጠ መርፌ ቁልፉ አይወጣም፣ መርፌ ቁልፉ ካልወጣ ኳሱ አይነሳም፣ ኳሱ ካልተነሳ ሮቶው አያቆምም፣ ሮቶው ካላቆመ ግድግዳው አይደርቅም፣ ግድግዳው ካልደረቀ ብሬከሩ አይቆምም፣ ብሬከሩ ካልቆመ ሶኬቱ አይሰጥም፣ ሶኬቱ ካልሰጠ ካውያው አይግልም፣ ካውያው ካልጋለ ጋዋኑ አይተኮስም፣ ጋዋኑ ካልተተኮሰ ደግሞ አይሰጥም። ይህን እኮ ታውቀዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስላዋለች፤ መስመሩ ከባትሪው ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ባትሪው ጋ ይመለሳል። መስመሩ አንድ ቦታ ካልገጠመ ኮረንቲው አይሄድም። ይህን ደግሞ የምትገጥመው እሷ ናት። መተኮስ ፈላጊው ጋዋኑ ነውና መጀመሪያ ይሰጣል። ጎንበስ ብላ መርፌ ቁልፉን ከጋዋኑ ደረት ነቀለች።

ከዚያ በኋላ ቀን ሙሉ ሥራው የደብረ ብርሃን ነፋስ ነበር። ኳሱ በመርፌ ቁልፉ ተያይዞ ተንሳፈፈ፣ ሮቶው አቆመ፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ወጣበት። ሶኬቱን በአሮጌ ጨርቅ አደረቁት፣ ክፍቱን ተዉት፣ ምሳ በሉ፣ ስለ ዳይሬክተሩ አዲስ ጫማ አወሩ። አሥር ሰዓት ላይ ስንዱ ሶኬቱን መልሳ አሰረችና ኳሱን ልትፈትን ተመልሳ መሰላሉ ላይ ወጣች።

"የው" አለች በጓዳው መስኮት በኩል፣ "እጄ እርጥብ ነው። ብሬከሩን አንቺ አንሺው።"

የውብዳር ብሬከሩ ፊት ቆመች። ጥቁር ምላሱን ወደ ታች አውጥቶ ያያታል። ብሬከሩ "እጅ ካልነካኝ አልቆምም" አለ። እጇ "አፍሽ እውነቱን ካልተናገረ አልነሳም" አለ።

"ስንዱ።"

"አቤት።"

"አንስቼ አላውቅም።"

"ምኑን?"

"ብሬከር። አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። ኮሌጅ ሳለን ሽቦ የሚገጥሙት ወንዶቹ ነበሩ። ‘እጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ ሪፖርቱን ጻፊ’ ይሉኛል። ጻፍኩ። አራት ዓመት ጻፍኩ። ከሁሉም በላይ ማርክ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ግን ይፈራል።"

ስንዱ ከመሰላሉ ላይ "እኔስ ሁልጊዜ ጓዳ የምገባው ለምን መሰለሽ?" አለች። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመጣሁ ቁጥር ውኃ የምጠጣው ግመል ነኝ እንዴ?"

የውብዳር ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፤ ማንም እያያት አልነበረም። "ታውቂ ነበር? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይሉኝታ ያዘኛ። መምህርት አይደለሽ?"

"እኔንም የያዘኝ እሱ ነው።"

"እሺ፣ ሁለታችንንም ይሉኝታ ሲይዘን፣ ብሬከሩን ማን ይያዘው?"

የውብዳር ሳቀች። ስትስቅ እጇ ተነሳ። ምላሱን ወደ ላይ ገፋችው፤ ቀጭ አለ፤ ጧ የሚለውን ጠበቀች፤ ጧ አላለም።

አፏ ተናገረ፣ እጇ ተነሳ፣ ብሬከሩ ቆመ፣ ሶኬቱ ሰጠ፣ ካውያው ጋለ፣ ጋዋኑ ተተኮሰ። እጅጌው ከነመታጠፊያው ተተኮሰ፣ ኮሌታው ተተኮሰ። መርፌ ቁልፉ የነበረበት ቦታ ላይ ስንዱ ከቦርሳዋ ቁልፍ ፈልጋ ሰፋችለት፤ ቡናማ ነው፣ ከሌሎቹ አይመሳሰልም።

"መጣ እኮ" አለች ስንዱ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

"አልመጣም፣ አነሳሁት" አለች የውብዳር።

በማግስቱ ጠዋት ነጩን ጋዋን ከነቡናማ ቁልፉ ለብሳ ክፍል ገባች። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀምጦ ብዕሩን ከፍቷል። ሽቦውና አምፖሉ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ሰሌዳው ላይ ምንም አልሳለችም።

"ከመጀመራችን በፊት" አለች፣ "እስከ ትናንት ድረስ የወደቀ ብሬከር አንስቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ።"

ስልሳው ተማሪ እርስ በርሱ ተያየ። ከፊት የተቀመጡት ልጃገረዶች ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። አንድም እጅ አልወጣም፤ ሁሉንም ይሉኝታ ይዟቸዋል።

የውብዳር ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች።