የሠላሳ አንድ ቀን ወንፈል

አንድ ርዕሰ መምህር ማንም ሳያዝዛቸው ትምህርት ቤታቸውን ዘጉ።

ስማቸው መምህር እንዳላማው ነበር። ትምህርት ቤቱ ሩዝ በሚበቅልበት ሜዳ መካከል፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ፣ በአንዲት ጉብታ ላይ የተሠራ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ በጊዜው አልወጣም። ጥቅምት ከገባ በኋላም ዘነበ። ወንዙ ሞላ፤ ሐይቁም ሞልቶ ስለነበር ውኃው መሄጃ አጣ። በአንድ ቀን ሜዳው ሁሉ ባሕር መሰለ። ደረቅ ሆና የቀረችው የትምህርት ቤቱ ጉብታ ብቻ ነበረች።

ሰዎች ሕፃናት አዝለው፣ ከብት እየነዱ፣ የተረፈቻቸውን እህል ተሸክመው መጡ። መምህር እንዳላማው ዴስኮቹን ወደ ውጭ አስወጡና ክፍሎቹን ከፈቱላቸው። ስልሳ ሦስት ቤተሰብ ገባ። ከዚያ መምህራኑን ሰበሰቡና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት የለም። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የሚጠይቃችሁ ካለ ወደ እኔ ላኩት» አሏቸው።

እኔ በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ውኃው ሸሽቶ፣ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ተመልሰው፣ ክፍሎቹ ከደለል ተጠርገው ትምህርት ሲጀመር ሠላሳ አንድ የትምህርት ቀን አልፎ ነበር። ለታናናሾቹ ክፍሎች ነገሩ ያን ያህል አይከብድም፤ የእነሱ ዓመት ወደ ሰኔ መጨረሻ ሊገፋ ይችላል። ስምንተኛ ክፍል ግን ፈተና አለበት። የዚያ ጊዜው የወረዳችን መመሪያ ደግሞ፣ የጎደለበትን ቀን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያላካካሰ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለፈተና አያስመዘግብም ይል ነበር። ሠላሳ ስምንት ነበርን። ካልተመዘገብን ዓመቱን እንደግማለን። መድገም ለሌሎቹ ምን እንደነበር አላውቅም። ለእኔ ትምህርት ማቆም ነበር።

ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ በሞተር ብስክሌት መጣ። ፈንታሁን የሚባል ወጣት ነው። ቅጽ አምጥቷል። እኔ ትምህርቴን ላቆም አስቤ መሸኛዬን ልጠይቅ ቢሮው በር ላይ ቆሜ ስለነበር ንግግራቸውን ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ይቺ ‹የተካካሰ ቀን› የምትለው ቦታ ላይ ሠላሳ አንድ ብለው ይሙሉልኝ» አለ ፈንታሁን።

«አንድም ቀን አልተካካሰም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ውኃ የገባባቸው ሁሉ እንደዚህ ነው የሞሉት። ልጆቹ እንዳይጎዱ ብለን ነው እኮ።»

«ያልተማሩት ጥያቄ ፈተናው ላይ ሲመጣባቸው ይቺን ወረቀት አውጥተው ያሳዩ?»

ፈንታሁን ሳቀ። መምህር እንዳላማው ግን አልሳቁም። እስክሪብቶውን ተቀበሉትና ጻፉ። የተዘጋበት ቀን፣ ሠላሳ አንድ። የተዘጋበት ምክንያት፣ የርዕሰ መምህሩ ውሳኔ። የተካካሰ ቀን፣ ዜሮ።

«ጋሼ፣ በራስዎ ላይ እየጻፉ ነው» አለ ፈንታሁን።

«በማን ላይ ልጻፍ?»

ፈንታሁን ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ። መምህር እንዳላማው ያን ጊዜ አዩኝ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ምንም» አልኩ። መሸኛውን ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ተጠሩ። መምህር እንዳላማው ሐሳባቸውን በአጭሩ ተናገሩ። ስምንተኛ ክፍል ጠዋት መደበኛውን ይማራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ሙሉ ፈረቃ ይማራል። እያንዳንዱ ከሰዓት በኋላ እንደ አንድ ቀን ይቆጠራል። ሠላሳ አንድ ከሰዓት በኋላ ያስፈልጋል።

ጊዜው የሩዝ አጨዳ ነው። የታችኛውን ማሳ ደለል በልቶታል። የተረፈው ደርሷል፤ ከዘገየ ይረግፋል። ልጅ ደግሞ ጠዋት ቢማርም ከሰዓት በኋላ ማሳ ላይ ነው።

እትየ ዘውድነሽ የምትባል፣ ልጇ ከእኛ ጋር የምትማር ሴት ተነሣች። «መምህር፣ ዘግተው የከረሙት እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ በአጨዳ ልጄን ይወስዱብኛል። ሩዜን ማን ያጭድልኝ? ጥቁር ሰሌዳው?»

ሰው ሳቀ።

«እውነት ነው» አሉ መምህር እንዳላማው። «የዘጋሁት እኔ ነኝ። አሁንም ውኃ ቢመጣ እዘጋለሁ። ግን ስልሳ ሦስቱን ቤተሰብ ያስጠለልኩበት ቀን የእኔ አልነበረም። ከልጆቻችሁ የተበደርኩት ነው። በእናንተ አገር ወንፈል የወጣለት ሰው ቀኑን ካልመለሰ ምን ትሉታላችሁ?»

በእኛ ዘንድ ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ ለእኔ ማሳ ትውላለህ፣ ነገ እኔ ላንተ እውላለሁ ማለት ነው። የተበላ ቀን በቀን ይመለሳል፤ በሌላ ነገር አይመለስም። የወንፈል ቀን ያልመለሰ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ሰው ቦታ አይለቅለትም።

«ስለዚህ ወንፈል አስገቡን» አሉ። «ሰባት መምህራን ነን። ሁለታችን በየተራ ልጆቹን እናስተምራለን። አምስታችን ማጭድ ይዘን እንመጣለን።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «እናንተ ከምታጭዱልን በረዶ ቢመታው ይሻላል» አሉ። ስብሰባው በሳቅ አለቀ። ግን ልጁን የከለከለ ሰው አልነበረም።

የእኔ ነገር ለብቻው ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። እናቴ አልጋ ይዛለች። ማሳ የለንም። እኔ ከሰዓት በኋላ አቶ ቢምረው ለሚባሉ ባለ ሰፊ ማሳ አጭድ ነበር። ዋጋዬን ማታ በሩዝ ይሰጡኛል፤ እሱ ለእናቴና ለሁለት እኅቶቼ እራት ይሆናል። ወንፈል ማሳ ላለው ሰው ነው። ለእኔ ማን ምን ይመልስልኛል? በመጀመሪያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ክፍል አልገባሁም። ማጭዴን ይዤ ወደ አቶ ቢምረው ሄድኩ።

ብዙም ሳልቆይ መምህር እንዳላማው በማሳው መካከል ሲመጡ አየኋቸው። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለዋል። እኔን አላናገሩኝም። አቶ ቢምረውን ነው ያናገሩት።

«ይሄ ልጅ ከሰዓት በኋላ ስንት ነዶ ያጭዳል?»

«ሃምሳ። ጎበዝ ነው።»

«ሃምሳውን እኔ አጭዳለሁ። ዋጋውን ለእሱ ይስጡት።»

አቶ ቢምረው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «መምህር፣ ይቅርብዎ። እርስዎ ሃያም አይሞሉም።»

«ካልሞላ የጎደለውን ነገ እሞላለሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ማጭዱን ሰጠኋቸው። «ሒሳብ ተጀምሯል» አሉኝ። ሄድኩ። አላመሰገንኳቸውም። እንዴት እንደሚመሰገን አላውቅም ነበር።

በዚያ ቀን ፀሐይ እስክትጠልቅ ያጨዱት ሠላሳ ሁለት ነዶ ነበር። አቶ ቢምረው የሃምሳውን ዋጋ ሰጡኝ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መምህር እንዳላማው ማሳው ላይ ነበሩ፤ አሥራ ስምንቱን ሞልተው ጠዋት በሰልፉ ሰዓት ደረሱ። ከሰልፉ በኋላ በቀጥታ ሒሳብ አስተማሩን። መዳፋቸው ውኃ ቋጥሮ ስለነበር ጠመኔውን በሁለት ጣት ብቻ ነበር የሚይዙት።

አጫጆቹ ቀለዱባቸው። «መምህር፣ ማጭዱን እንደ ጠመኔ ይዘውታል» ይሏቸዋል። «ቀስ ይበሉ፤ ሩዙ ፈተና የለበትም» ይሏቸዋል። እሳቸው፣ «እናንተም አንድ ቀን ክፍል ገብታችሁ አስተምሩና እኔ ልሳቅ» ይላሉ። ሌሎቹ አራት መምህራን በየማሳው ተበትነው ነበር። እውነቱን ለመናገር አምስት መምህራን የሠላሳ ስምንት ልጅ ሥራ ሊሠሩ አይችሉም። የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ ሥራው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ግን ስምንተኛ ክፍል ልጅ የሌላቸው ሰዎች ማጭድ ይዘው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በክፍሎቹ ውስጥ ከርመው የነበሩት ናቸው። አንዷ እናት ለእትየ ዘውድነሽ፣ «ልጄን የወለድኩት ልጅሽ በምትማርበት ክፍል ውስጥ ነው። ተነሺና ማሳሽን አሳዪኝ» አለቻት። ከዚያ በኋላ የአንድም ተማሪ ቤተሰብ ሩዝ አልረገፈም።

የታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት ሰኞ ዕለት ፈንታሁን ሳይናገር መጣ። ከቀትር በኋላ ነበር። ክፍላችን በር ላይ ቆሞ ቆጠረን። ሠላሳ ስምንት። ርዕሰ መምህሩ የት እንዳሉ ጠየቀ። አቶ ቢምረው ማሳ ላይ ናቸው አልነው። ሄደ። የተነጋገሩትን አቶ ቢምረው በኋላ ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ ርዕሰ መምህር ነዎት ወይስ አጫጅ?» አለ ፈንታሁን።

«በዚህ ሰዓት አጫጅ ነኝ። ቢሮዬን የፈለገ ጠዋት ይምጣ።»

«ስንት ቀን ተካካሰ?»

«እስከ ዓርብ ሃያ ስድስት። አምስት ይቀራል፤ ዛሬን ጨምሮ። የፊታችን ዓርብ ይሞላል።»

«መዝገቡ ረቡዕ ወደ ዞን ይሄዳል። አሁን ሠላሳ አንድ ብዬ ልጻፈው። ዓርብ መሙላቱ አይቀርም፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።»

መምህር እንዳላማው ቀና አሉ። «ነገ ውኃ ቢመጣስ? ልዘጋው እችላለሁ። ያልመጣ ቀን አትጻፍ።»

«ለሁለት ቀን ብለው ሠላሳ ስምንት ልጅ ያስቀራሉ?»

አቶ ቢምረው እንዳሉት መምህር እንዳላማው ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ከድካም በላይ የሆነ ነገር ነበረበት። «ማስቀረቱም ማስመዝገቡም ባንተ እጅ ነው» አሉት። «እኔ ልሰጥህ የምችለው እውነተኛውን ቁጥር ብቻ ነው። ዛሬ ሃያ ስድስት ነው። ማታ ሃያ ሰባት ይሆናል።»

«የእናንተን ለብቻው አስቀረዋለሁ» አለ ፈንታሁን። «ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ዞን ለምን ዘገየ ካለኝ እንዳልሞላ እነግረዋለሁ። እኔም ስንት ቀን እንዳዘገየሁት እውነተኛውን ቁጥር እነግረዋለሁ።»

ዓርብ ሲመጣ ክፍለ ጊዜው አላለቀም ነበር። ሩብ ሰዓት ይቀረናል። መምህር እንዳላማው በዚያ ቀን የማሳ ሥራቸውን ቀደም ብለው ጨርሰው የመጨረሻውን ሒሳብ ራሳቸው ያስተምሩን ነበር። ፈንታሁን ቅጹን ይዞ በሩ ላይ ታየ። መምህር እንዳላማው በእጃቸው የኋለኛውን ዴስክ አሳዩት። ገብቶ ተቀመጠ። ትምህርቱ አልቆመም። ሰዓቱ ሲሞላ ቅጹን ተቀበሉትና ሠላሳ አንድ ብለው ጻፉ። ፈንታሁንም ቆሞ ፈረመ። እኛን አንድ በአንድ ስማችንን እየጠራ መዘገበን።

ከሠላሳ ስምንቱ ሃያ ዘጠኛችን አለፍን። ዘጠኙ ወደቁ። ከወደቁት አንዱ ዛሬ ነጋዴ ነው፤ ባገኘሁት ቁጥር፣ «እኔ የወደቅሁት ተምሬ ነው» ይለኛል። ይህንን የሚለው በኩራት ነው።

እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። ያልተሠራ ቀን እንደ ተሠራ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ብዙ ጊዜም የሚጻፈው ለሰው በማዘን ነው። መምህር እንዳላማውም ያዝኑ ነበር። ሆኖም ሐዘናቸውን በወረቀት ላይ አላደረጉትም፤ በመዳፋቸው ላይ አደረጉት።

ከእሳቸው የተማርኩት ይህንን ነው። ችግር ሲመጣ በር መዝጋት ያስፈልግ ይሆናል፤ የሚዘጋውም ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለበጎ ሥራ የተወሰደ ቀንም ባለቤት አለው። ትክክል ነበርኩ ማለት ቀኑን አይመልሰውም። ቀን የሚመለሰው በቀን ነው፤ መመለስ ያለበትም የወሰደው ሰው ነው።

እናንተስ፣ በቂ ምክንያት ኖሯችሁ ከወሰዳችሁት ቀን ውስጥ እስከ ዛሬ ያልመለሳችሁት የማንን ነው?