የዜሮ ቀን በር

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ የሥራ ዕቅድ የሚያወጣ ሶፍትዌር ካስገዙ ወዲህ የገዛ ዓይናቸውን ማመን ትተው ነበር። ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚነግራቸው ኮምፒውተሩ ብቻ ሆነ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሥራው ካለቀበት ቀን ላይ የተጀመረበትን እየቀነሰ ስለሚቆጥር፣ ማክሰኞ ተጀምሮ ማክሰኞ ያለቀ ሥራ ዜሮ ቀን ይሆንበታል።

በሳምንቱ ግምገማ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ የመሥሪያ ቤቱን አናጢ አስነሡት።

«አንተ! የማክሰኞ ሥራህ ዜሮ ቀን ይላል። የት ተኝተህ ዋልክ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ጠዋት ጀምሬ ማታ የገጠምኩት በር አለ። እርስዎም አይተውታል።»

«እኔ ያየሁትን ማን ጠየቀህ? ሲስተሙ አይሳሳትም! ወይ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ‹ምንም አልሠራሁም› ብለህ እመን፣ ወይ መልቀቂያህን አስገባ።»

አናጢው ትንሽ አሰበ። «ሲስተሙ ካለማ ምን እላለሁ፤ ምንም አልሠራሁም» አለና ካቻቢቴውን ከኪሱ መዘዝ አድርጎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድ በር ተሸክሞ ተመለሰና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። የራሳቸው የአቶ ደምመላሽ የሽንት ቤት በር ነበር።

«ምን ማድረግህ ነው?» ብለው ጮኹ።

«ያልሠራሁት በር ተገጥሞ ቢገኝ ሲስተሙን ያሳጣዋል ብዬ ነው» አለ አናጢው። «እርስዎ ግን ምንም አይቸገሩ፤ ሽንት ቤት ሲሄዱ ኮምፒውተሩን ይዘው ይግቡና ይከለሉበት።»