የተሰቀሉት አምስት መጻሕፍት

አንዲት እናት ነበረች። በአርባ ሦስት ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል የቆጠረች። ልጇ ትርሲት ደግሞ ጥያቄ የማያልቅባት ናት፤ የስኳር ከረጢት ላይ የተጻፈውን እንኳ ሳታነብ አታልፍም።

ትርሲት ወድቃ እግሯ ተሰበረ። በጀሶ ታስሮ ትራስ ክምር ላይ ተሰቀለ፤ ሁለት ወር አትነሺም ተባለች። በሳምንቱ መጠየቅ ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እናትን ያስፈራት ስብራቱ መሰላችሁ? አይደለም፤ ዝምታው ነው። አጥንትስ ይጠገናል። ያ ሁሉ ጥያቄ ቢጠፋ በምን ይመለሳል?

ወደ ቀበሌው ቤተ መጻሕፍት ሄደች።

«ልጅሽ ምን ትወዳለች?» አሏት ኃላፊው ጋሽ ድንበሩ።

«ሁሉንም።»

«ሁሉንምማ አህያም አይችለው!»

እሷ ግን ርእሱን ፊደል በፊደል እየለቀመች መረጠች። ስለ ንብ አንድ። ስለ ከዋክብት አንድ። ስለ ጨው ነጋዴዎች ጉዞ አንድ። ስለ ሰው አካል አንድ። የእንቆቅልሽ አንድ። አምስት! ማንም ሳያነብላት! ደረቷን ነፍታ ቤቷ ገባች።

ከዚያስ ምን አደረገቻቸው? ባደገችበት ቤት የነበረው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ በማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የአባቷ ዳዊት። መጽሐፍ ሲከበር ያየችው እንዲያ ነው። አምስቱንም ሳመቻቸው። በንጹሕ ነጠላ ቋጥራ ከፍ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለቻቸው።

«በይ ትርሲትዬ፣ አንብቢ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየች። «እማዬ፣ እግሬም ተሰቅሏል፣ መጽሐፉም ተሰቅሏል። ማን ማንን ያውርድ?»

እናት ደነገጠች፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ቋጠሮው ወረደ፣ ተፈታ።

«አንቺ አንብቢልኝ» አለች ትርሲት።

እናት የንቡን መጽሐፍ ገልጣ ፊደሉን በጣቷ ተከተለች። «ን... ብ... ንብ አምስት ዓይን አላት።»

«አምስት? አምስቱ ምን ያደርጉላታል?»

ጥያቄው ተመለሰ! ያቺ እናት ያን ቀን የኮራችውን ኩራት ማን ይለካዋል?

ወገኖቼ፣ እኔም ዘግይቼ ፊደል የቆጠርኩ እናት ነኝና ፍርሃታችሁን አውቀዋለሁ። መጽሐፉ ይበላሽብኛል ትላላችሁ። ይህ ለልጄ አይሆንም፣ ያ አይጠቅምም ትላላችሁ። ልጃችሁን ከግድግዳው የሚያዞረው ንቡ ይሁን ኮከቡ በምን አወቃችሁ? እናቲቱስ መቼ አወቀች? ስላላወቀች አይደለም ወይ አምስት ዓይነት የወሰደችው?

ዳዊቱ በክብር ቦታው ይኑር። የቀረውን ግን ዛሬ ቤት ስትገቡ አውርዱት፤ የልጃችሁ እጅ የሚደርስበት ቦታ አኑሩት።