የጎምዛዚት ጉድጓዶች

የጎምዛዚት ሐይቅ ውሃ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ዓሣ አያኖርም፣ ከብትም አፉን አያስገባበትም። በምሥራቁ ዳር ግን ጭቃውን ክንድ ያህል የማሰ ሰው ቀስ እያለ የሚጠራቀም ጣፋጭ ውሃ ያገኛል። የዚህ ሁሉ መነሻ ጓንጉል የተባለ ክፉ ሰው ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ከኮረብታው የሚወርድ ምንጭ ሐይቁን ያጣፍጠው ነበር። የኮረብታው ጌታ ጓንጉል በሐይቁ ዳር የሚኖሩትን ሰዎች መሬት ተመኝቶ እምቢ ቢሉት ምንጩን በድንጋይ ደፈነው። ሊከፍቱ የወጡትን ወንዶች በጦር ወግቶ ጨረሳቸው፤ ሬሳቸውንም በምንጩ አፍ ላይ ከምሮ አፈር ጫነበት። ከሟቾቹ አንዱ እንጉዳይ የተባለች ሴት ባል ነበር። ሐይቁም ጎመዘዘ፤ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ፤ የጠጡ ከብቶች አንጀታቸው እየተቃጠለ በየሜዳው ወደቁ።

ጓንጉል ውሃን እንደ ሰው አፍኖ የሚገድለው መስሎት ነበር፤ ጅል! ውሃው በኮረብታው ሥር ሾልኮ በሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ይመጣ ነበር። እንጉዳይ፣ ልጇ ትርንጎ በውሃ ጥም ስታጣጥር ብታይ፣ ያንን ጭቃ በጥፍሯ ማሰች፤ እርጥበቱን ብትቀምሰው ጣፋጭ ሆኖ አገኘችው። ጭቃው ምሬቱን እያስቀረ ጠብ ጠብ የሚያደርገው ውሃ ግን አንዲት ቅል እንኳ ለመሙላት ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀ።

ልትጨልፍ ስትል ጓንጉል ደረሰ። ምንጩን ሲደፍን የራሱም ደጅ ደርቆ ነበርና ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ዞር በይ አንቺ!» ብሎ ገፈተራትና ጉድጓዱ ላይ በደረቱ ተኛ።

«ጌታዬ፣ ለልጄ ጉንጭ ያህል ይተዉላት።»

«ባልሽም እንዲሁ ሲለምን ነበር።»

ይህን ጊዜ እንጉዳይ ማጭዷን ከወገቧ መዝዛ ማጅራቱን ደጋግማ መታችው። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ደሙ ግን ጉድጓዱን ሞላው። እያለቀሰች ሌላ ማሰች፤ ከጭቃ ሥር የሚመጣ ውሃ ለእናት ብሎ አይቸኩልም። የሁለተኛው ጉድጓድ ውሃ ከመጠራቀሙ በፊት ትርንጎ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ በጉድጓዶቹ ዘንድ ብረት አይመዘዝም፤ ደመኛ እንኳ ቢመጣ ጠጥቶ እስኪነሳ ይጠበቃል። ሽማግሌዎች ይህንን ምሕረት ይሉታል፤ ለእኔ ግን አይመስለኝም። ባለፈው በጋ አንዲት መበለት የባሏ ገዳይ ከጉድጓዷ ጠጥቶ እስኪነሳ ስትጠብቅ አይቻታለሁ። ጥርሷን ነክሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ ልጇን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር።